የሳይንስ ክበብ፦ ከእርሳስ እስከ ስኳር መለኪያ

በ2017 ዓ.ም. ክበባችን ግራፊን የተባለውን እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ የዓመቱ ርእስ ሲያደርግ፣ በመምህራን ማረፊያ «ለሐይቅ ከተማ ልጅ ይህ ምን ይፈይድለታል?» ያሉ ባልደረቦች አልጠፉም። መልሱ በየተማሪው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የግራፊን ንጣፎች ድርብርብ ነውና። በ2004 እ.ኤ.አ. በማንችስተር አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን ንጣፍ ከግራፋይት የላጡት በተራ የማጣበቂያ ስኮች ነው፤ በ2010ም የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ንጣፉ ሁለመናው ገጽ ስለሆነ፣ ሌላ ሞለኪውል ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይለወጣል።

የሳምንቱ ስብሰባዎች እንደወትሮው ተካሂደዋል። በኅዳር ከእርሳስ ያወጣናቸውን ሁለት ግራፋይቶች ከባትሪ አገናኝተን ስኳር ውሃ ውስጥ ብንነክርም የኤሌክትሪክ መለኪያችን፣ መልቲሜትሩ፣ ንቅንቅ አላለም፤ ጨው ስንጨምር ግን ወዲያው ቆጠረ። ስኳር በውሃ ሲሟሟ እንደ ጨው አዮን (ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ቅንጣት) እንደማይሆን አስቀድሜ አለማስረዳቴ የእኔ ጥፋት ነው። የደም ስኳር መለኪያ እንደ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ያለ ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥ አፋጣኝ ፕሮቲን) የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ኢንዛይሙ በደም ካለው ስኳር፣ ከግሉኮስ፣ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ ኤሌክትሪክ ተቀባዩ ዘንግ ወይም መስመር፣ ኤሌክትሮዱ፣ ያንን ይቆጥራል።

በመጋቢት ደሴ ወደሚገኝ ሆስፒታል ላብራቶሪ ሄድን። ባለሙያዋ ጊዜው ያለፈበት የስኳር መለኪያ ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቀጭን ቁራጭ) ሽፋኑን ልጣ ከአጉሊ መነጽር ሥር አስቀመጠችልን። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ የሆነች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን፣ ጠዋት ጠዋት የእናቷን ጣት የምትወጋው እርሷ ናት፣ ጥቁሮቹን የካርቦን መስመሮች ጎንበስ ብላ ብዙ ቆይታ አየቻቸው። ቀና ስትል «ቲቸር፣ ይኼ እኮ እርሳስ ነው» አለችኝ፤ ቀጥላም «ግራፊን ቢሆን ሳይወጉ መለካት ይቻላል?» ስትል ጠየቀች። በግራፊን የላብን ግሉኮስ ለመለካት ምርምር እንደሚደረግ፣ ነገር ግን በላብ ያለው መጠን ከደሙ እጅግ የሚያንስ በመሆኑ ሥራው ከባድ እንደሆነ ነገርኳት። እስከ ሐይቅ ድረስ መኪናው ውስጥ ስትጽፍ ነበር።

ለመጪው ዓመት ያዘጋጀችው ሙከራ በእርሳስ ኤሌክትሮድ ላይ ኢንዛይም አድርጎ ግሉኮስን መለካት ነው። ኢንዛይሙ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የትምህርት ቤታችን ብቸኛ ማቀዝቀዣ ደግሞ በሻይ ክበቡ ለስላሳ እንደሚያቀዘቅዝ አንባቢ ያውቃል። መልቲሜትራችንም አንድ ነው፣ ባትሪውን የምንገዛው ከኪሳችን ነው። ወላጅ መምህር ኅብረትና የቀድሞ ተማሪዎቻችን አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣና ሦስት መልቲሜትር ቢያሟሉልን ሥራው ይጀመራል። ተማሪዋ በመስከረም 12ኛ ክፍል ስለምትገባ፣ ዕቃው ከዚያ በፊት ቢደርስልን እንመርጣለን።