ከፍሎሪያኖፖሊስ፣ ብራዚል የተላከ ምስጋና

ትንኝ ከምታስተላልፈው የዴንጊ በሽታ ተርፌ በእግሬ ቆሜያለሁ። ተመስገን! የረዱኝን ጎረቤቶቼን በፖርቱጋልኛ አመስግኛቸዋለሁ፤ ግን አልወጣልኝም። በቋንቋዬም ልጻፈው።

እዚህ ብቻዬን ነው የምኖረው። መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ ስለሆነ ውሎዬ ከላፕቶፕ ጋር ነው። የሰዓታችን ልዩነት ስድስት ነው፤ እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲል እዚህም ሰዓቱ 9 ይላል፣ የጠዋቱ 9። ብታመም ማን ያውቅልኛል የሚለው ሐሳብ ሁሌም ያስጨንቀኝ ነበር።

ከታች ያሉት እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶና የሚላቸው፣ መስኮቴ ሳይከፈት መዋሉን አይተው በሬን አንኳኩ። እያተኮሰኝ፣ ከዓይኔ ኋላ እየወጋኝ፣ በመኪናቸው ኡፓ ወሰዱኝ። ኡፓ ሌት ተቀን የሚሠራ የድንገተኛ ሕክምና ጣቢያ ነው።

ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ነፍታ ደቂቃዎች አቆየችው። ከዚያ በእስክሪብቶ ትንሽ አራት ማዕዘን ሠራችና ውስጡ የወጡትን ቀያይ ነጥቦች አንድ በአንድ ቆጠረች። ዴንጊ የደም ሥርን ስለሚያሳሳ ነጥቦቹ ይበዛሉ፤ የእኔም በዝተው ነበር። ወዲያው ደሜ ተመረመረ፣ ጉሉኮስ ተሰካልኝ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ሊያፈሱ ስለሚችሉ እንዳልነካቸው ደጋግማ ነገረችኝ። ሒሳብ ስጠይቅ ክፍያ የለም አሉኝ። ከ1988ቱ ሕገ መንግሥታቸው ወዲህ ጤና የሁሉም መብት ነው፤ የውጭ አገር ሰውም አይለይም። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ!

ዶና፣ ያንን የዶሮና የሩዝ ሾርባ ጨልጬ ሳልጨርስ ከአጠገቤ አይነሱም ነበር። ልክ እንደ እናቴ፣ "ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ" እያሉ። የጥጉ ፍራፍሬ ቤት ልጅም የኮኮናት ውሃ በር ድረስ ያመጣልኝ ነበር።

የአዲስ አበባ ባልደረቦቼ፣ ሥራዬን ተከፋፍላችሁ ያዛችሁልኝ። እናቴ ጋ እየደወላችሁ "ተሽሎታል" ማለታችሁን ግን መቼም አልረሳውም።

ቤት ለቤት እየዞሩ ከአበባ ማሰሮ ሥር የተጠራቀመ ውሃ የሚደፉትን፣ በምትኩ አሸዋ የሚሞሉትን የጤና ሠራተኞችም አመሰግናለሁ። ትንኟ የምትፈለፈለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብራዚል ከ6 ሚሊዮን በላይ የዴንጊ ሕሙማን መዝግባለች፤ ልፋታቸው ቀላል አይደለም።

ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ ወገኖቼ፣ የአምቡላንሱ ቁጥር 192 ነው። ከጎረቤትም ቶሎ ተዋወቁ።

ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።