ለአባባ፦ ስለ ፕሉቶና ስለ ተጨማደደው ሃይላንድ

አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታዬ ከሰማይ ከዋክብት፣ ከባሕር አሸዋ የበዛ ነው። ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አይሳቁብኝ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን።

መደወል አቅቶኝ አይደለም የምጽፈው። በስልክ ነገሩን ሳነሳው "እሱን ተይው" ይሉኛል። ማሙሽም አያቴ የቤት ሥራ መርዳት ተዉ ብሎ አኩርፏል። ባለፈው በዓል ደሴ መጥተን እኔና እማዬ ጓዳ ሳለን ምን እንደተባባላችሁ የሰማሁት ቆይቶ ነው። ፕላኔቶቹን ሲያስቆጥሩት፣ ፕሉቶ ላይ ሲደርሱ "እሱማ ድሮ ቀረ፤ አሁን ስምንት ናቸው" አልዎት። ያውም እየሳቀ። እርስዎም "እንግዲያው የእኔ ትምህርት አርጅቷል፤ እናትህን ጠይቅ" አሉት። ዕድሜ ልኩን ለተማሪ ዘጠኝ እያለ ላስቆጠረ ሰው ይሄ እንዴት እንደሚመር ይገባኛል።

ልጁ አልተሳሳተም። አነጋገሩ ነው የከፋው፤ ለእሱ ተቆጥቼዋለሁ። ግን እርስዎም አልተሳሳቱም። ፕሉቶ በ1930 እ.ኤ.አ. ከተገኘ ጀምሮ ፕላኔት ሲባል ኖሯል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፕራግ ላይ ተሰብስበው አወጡት። እርስዎ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀርዎት መሆኑ ነው። ፕሉቶ የትም አልሄደም፤ ያኔም ፀሐይን ይዞር ነበር፣ ዛሬም ይዞራል። የተለወጠው "ፕላኔት" የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ፀሐይን መዞር አለበት፤ ክብ መሆን አለበት፤ የሚዞርበትን መንገድ ከሌላ ኮተት ያጸዳ መሆን አለበት። ሦስተኛዋ ላይ ወደቀ። "ድንክ ፕላኔት" አሉት። እኔን ከጠየቁኝ ስሙ ትንሽ ክፉ ነው።

ደግሞ እኮ መጽሐፍ ሲታረም መጀመሪያ ያየሁት ከእርስዎ ነው። አራተኛ ክፍል ያመጧትን የላምባ ምድጃ ያስታውሷታል? ጥቀርሻ የለበሰች ድስት፣ በክር የተንጠለጠለ ቴርሞሜትር። ልጅዎ መሆኔ እንዳይታወቅ "አንቺ" ብቻ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ውሃው ተንተከተከ። ሜርኩሪው 92 ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ንቅንቅ የለም። ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ተበላሽቷል!" አለ። እርስዎ መነጽርዎን አወለቁ። "አልተበላሸም። መጽሐፉ የሚያወራው በባሕር ጠረፍ ስለሚኖር ሰው ነው፤ እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ነን" አሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ መፍያው አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ያን ቀን ቤት ገብተው ለእማዬ "ባቄላው አልበስል ያለው በአንቺ ጥፋት አይደለም" ማለትዎ ትዝ ይለኛል። እሷ ግን አላመነችም።

ከዚያ በዓል ስንመለስ ምን ሆነ መሰለዎት። ደሴ መናኸሪያ ማሙሽ ውሃውን ጨረሰና ባዶውን ሃይላንድ ጥብቅ አድርጎ ዘጋው። ሐረጎን ስንወርድ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ ጠርሙሱ ጭኑ ላይ እንዳለ "ጧ" አለ። ደነገጠ። ኮምቦልቻ ስንገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። "አንቺ ነሽ የጨመቅሽው" አለኝ። ሳሳ ያለ የደሴ አየር ታሽጎ እንደወረደ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል የውጪው አየር በርትቶ እንደተጫነው ነገርኩት። "ማን ነገረሽ?" አለ። "አያትህ" አልኩት። እስክንወርድ ድረስ ዝም አለ።

አሁን ለፈተና እየከለስን ነው። እንጉዳይንም ተክል ብለው ነበር ያስተማሩን። ከማሙሽ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት፦ እሱም ወጥቷል። የራሱ ምድብ አለው፤ በዘር ሐረግ ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል አሉ። በእማዬ እርሾ ውስጥ ያለው ነገር ዘመዱ ነው። አብሽሩ፣ መሬት እንደ እንቁላል ድርብርብ ናት የሚሉት ምሳሌ ግን አልተነካም፤ ቅርፊቱ፣ ነጩ፣ አስኳሉ። እኔም በእሱ ነው ያስረዳሁት።

ያቃተኝ የቦርከና ወንዝ ነው። "ወንዞች የት ይገባሉ?" ለሚለው ማሙሽ "ባሕር" ብሎ ጻፈ፤ ተሰጠው። እኔ ግን ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል አልኩት። "ለምን?" ሲለኝ ስምጥ ሸለቆው፣ አፋር፣ የሚለያየው መሬት ሁሉ ተደበላለቀብኝ። በ1953 ዓ.ም. መጀቴን ስላፈራረሰው፣ ካራቆሬንም ስለጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያወሩልን ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ያያይዙት ነበር። እኔ እንደዚያ አልችልበትም።

ሌላም አለ። ጅራታም ኮከብ ከምን ተሠራ ሲለኝ በረዶና አቧራ ነው አልኩት። አፄ ዮሐንስ ዛሬ ደሴ ባለችበት ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን "ደስዬ" አሉ የሚባለውን ግን ሆን ብዬ ዘለልኩት። ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ማታ ይደውላል፤ ያንሱለት። ሃይላንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚኒባስ ረዳት ልኬዋለሁ። ክዳኑን እንዳይከፍቱት። እሱ እንደተጨማደደ ይደርሳል ብሏል፤ እኔ ሐረጎን ሲወጣ ጎኑ ይመለሳል ብያለሁ። አሥር ብር ተወራርደናል። ምን ሆኖ እንደደረሰ እርስዎ ይንገሩት።

ልጅዎ፣ ከኮምቦልቻ