ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ ደም የታየበት ሰገራ ሁሉ አሜባ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ። በደብዳቤ ቁጥር ብልክላችሁ መዝገብ ቤት ተኝቶ ይከርማል ብዬ ነው በግልጽ የጻፍኩት። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ። ቀኑን ሙሉ ሰገራ ነው የማየው። አትሳቁ፣ ሰገራ ብዙ ያወራል፤ ደም ሲታይበት የትልቁ አንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

አንድ ገበሬ ይመጣል። ደም አይቶ ደንግጧል። ናሙናውን ተቀብዬ ስላይድ ላይ ከአንድ ጠብታ ሳላይን (የጨው ውኃ) ጋር እበጠብጠዋለሁ፣ በማይክሮስኮፑ አሥሩ ሌንስ አይቼ ወደ አርባው እሄዳለሁ። አሜባ የለም፣ ጃርዲያ የለም፣ የትል እንቁላልም የለም፤ ቀይ የደም ሴል ግን ሞልቷል። «ኖ ኦፒ ሲን» (ጥገኛ ተሕዋስያንም እንቁላላቸውም አልታየም) ብዬ፣ ቀይ የደም ሴሉንም ጨምሬ እጽፋለሁ። ሰውየው ሲወጣ የያዘው አሜባን የሚገድለውን አንቲባዮቲክ፣ ሜትሮኒዳዞልን ነው። ከርሞ ይመለሳል፣ አሁንም ሜትሮኒዳዞል። በመጨረሻ «ኪንታሮት ነው» ይባልና ባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ዕድሜህ ስንት ነው፣ ከስተሃል ወይ፣ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የታመመ አለ ወይ ያለው ሰው የለም። ፊንጢጣን በጣት መመርመርማ ጭራሽ አይታሰብም። ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም፤ ኮሪደሩን የሞላው ሰልፍ ይታያችኋል፣ ሌላ የሚያዙት ምርመራም የላቸውም።

አሁን ከዚህ ካንሰር ጋር ስማቸው ወደሚነሣ ባክቴሪያዎች ልምጣ፣ ነገሩ ከእኛ ሥራ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕጢ ውስጥ ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም የሚባል ባክቴሪያ በብዛት አገኙ። ይሄ ባክቴሪያ የሚታወቀው አፍ ውስጥ ነው፣ ጥርስና ድድ ላይ። በ2024 ደግሞ ከእሱ ዝርያዎች መካከል አንዱ ለብቻው ተለይቶ ወጣ፤ ከተመረመሩት ዕጢዎች በግማሽ ያህሉ ውስጥ ተገኝቷል።

ኢ. ኮላይም አለ። አብዛኛው ጉዳት የለውም፣ የሁላችንም አንጀት ውስጥ ይኖራል። አንዳንዱ ግን ኮሊባክቲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ የሴሉን ዲኤንኤ ሲጎዳ የራሱን ማኅተም ረግጦበት ነው የሚሄደው። በ2025 የወጣ ጥናት ከ11 አገሮች የመጡ 981 ዕጢዎችን ፈትሾ፣ ማኅተሙ ዕድሜያቸው ከ40 በታች በሆኑ ታማሚዎች ላይ ከ70 በላይ ከሆኑት በ3.3 እጥፍ እንደሚበዛ አሳየ። ጉዳቱ ምናልባት በልጅነት ነው የሚጀምረው ይላሉ። ስለዚህ «ገና ወጣት ነህ፣ ካንሰር አይሆንም» የሚለውን ማጽናኛ ብንተወው ጥሩ ነው።

ባክቴሪያው ብቻውን ካንሰር ያመጣል እያልኩ አይደለም። ዘር አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ቀይ ሥጋ ማብዛት አለ፣ መጠጥም አለ (አረቄያችንን አትንካ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ)።

የሚያስፈራኝ ወሬው መድኃኒት ቤት ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ላይ፣ ፉሶባክቴሪየም ያለበት የሰው ዕጢ የተተከለባቸው አይጦች ሜትሮኒዳዞል ሲሰጣቸው የዕጢው እድገት ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ ያውም አይጥ ላይ። እዚህ ግን ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ የሚሸጥ ክኒን ስለሆነ «ለካ ካንሰርም ያድናል» ለመባል ሁለት ቀን አይፈጅበትም። በሌላ በኩል በ2021 የታተመ፣ ከ40,000 በላይ ታማሚዎችን ያየ የስዊድን ጥናት፣ አንቲባዮቲክ ከስድስት ወር በላይ የወሰዱ ሰዎች በትልቁ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባ ይሰጥ፣ አሜባ ሲኖር።

«እኛ የቦካ እንጀራ በላተኞች ነን፣ አይነካንም» የሚሉም አሉ። እርሾውን ምጣዱ ይገድለዋል። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ጎመኑ የሚጠቅመን ፋይበሩ ነው፤ አንጀት ውስጥ ያሉት ደጋግ ባክቴሪያዎች እሱን አብላልተው ቢዩቲሬት ይሠሩበታል፣ የአንጀቱ ግድግዳ ሴሎች ደግሞ በእሱ ይኖራሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ክትባት አይደለም።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ደም እያየ አሜባ ያልተገኘበት ሰው፣ በተለይ ከከሳ ወይም ደም ማነስ ካለበት፣ በጣት ተመርምሮ ወደ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) እንዲላክ የሚያዝ ሰርኩላር ለየጤና ጣቢያው ይውረድ። ደም በዓይን ለማይታያቸው፣ ዕድሜያቸው ግን ለገፋ ሰዎች ደግሞ የኦከልት ብለድ ኪት (በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚያሳይ መመርመሪያ) ላኩልን። ስትገዙ የሰውን ሄሞግሎቢን ብቻ የሚለየውን ግዙ፤ አሮጌው ዓይነት በበላነው ሥጋ ስለሚሳሳት የፋሲካ ሰሞን አገሩን በሙሉ ፖዘቲቭ ያደርግብናል። ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በዚያ መሀል ከተገኘ ተቆርጦ ይወጣል። ካለፈ በኋላ ግን በሽተኛው፣ መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ፣ በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ደጅ ነው የሚሰለፈው።

ኪቱ ከመጣ ሥልጠናውን በሥራ ሰዓትም ባይሆን ቅዳሜ እወስዳለሁ። መዝገባችን ላይም አንድ ዓምድ ማስመር ብቻ ነው፣ እሱን እኔ እጨርሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምሥራቅ ጎጃም አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ