10 ቀኑ ለሠራተኛ ብቻ ነው ወይ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ልብስ ስፌት ፋብሪካችን አድማ ያወጣችሁትን ዜና አንብቤ ደሜ ፈልቷል። «ሠራተኞቹ ሕጉ የሚያዘውን የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ሥራ አቆሙ» ብላችኋል። ውሸት ነው። ከማኅበራችን አባላት ከሁለት ሦስተኛ በላይ በተገኙበት ስብሰባ ድምፅ ሰጥተን ወስነናል። ማስጠንቀቂያውንም ለድርጅቱና ለሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ በጊዜው አስገብተናል። የመዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጄ ላይ አለ። ጋዜጠኛችሁ ቢጠይቀኝ አሳየው ነበር። እሱ ግን በር ላይ የቆምነውን ፎቶ አንስቶ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ፊታችን ወጣ፣ ቃላችን ቀረ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከጠቀሳችሁ አይቀር ደግሞ ለምን ግማሹን? ያው አዋጅ ለኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበርና አሠሪ ስለ ሥራ ሁኔታ ለሚፈራረሙት ውል፣ ድርድር የተጠራ ወገን ጥሪው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። አሠሪንም ይመለከታል! የድርድር ጥያቄያችንን ያስገባነው ከፋሲካ በፊት ነው። 10 ቀኑ አለፈ፣ ወሩም አለፈ። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልን። የሰው ኃይል ኃላፊው በሄድን ቁጥር «እየታየ ነው» ይለናል። ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር እንደ ውለታ ተቆጠረ። ሠራተኛ አንድ ቀን ቢያዛንፍ ሕገወጥ ይባላል። አሠሪ ወር ሙሉ ዝም ሲል ግን ዜና አይሆንም?

ድርጅቱ በአድማው ያጣውን ገቢ በዶላር ጽፋችኋል። ዶላር ከተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያን ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎ ከዓለም ዝቅተኛው መሆኑን ጽፎ ነበር። ደመወዙ በብር ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም ኑሮው ቀድሞታል። እኔ የሸሚዝ ኮሌታ ነው የምሰፋው። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን እንኖራለን። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ታማ አንድ ቀን ስትቀር የወሩ የአቴንዳንስ ቦነሷ (ከሥራ ላልቀረ የሚሰጠው ጉርሻ) ሙሉውን ተቆረጠ። ሐኪም ቤት መሄዷን የሚያሳይ ወረቀት አምጥታ ነበር፤ ማንም አላየላትም። ለድርድር ካቀረብናቸው ነጥቦች የመጀመሪያው ይኸው ነው። በዜናችሁ ግን የጠየቅነው አንዱም አልተጻፈም።

ማስተካከያ አውጡ። ስታወጡም ሥራ አስኪያጁን አንድ ነገር ጠይቁልን፦ የድርድር ጥሪያችን የደረሰዎት መቼ ነው? መልሳቸውን ከነቀኑ አትሙት።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ አባል
ሐዋሳ