መሀሉ የት ነው ላልከኝ

አቤ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሃለሁ። አባትህ ሲያርፉ እንኳ አልደረስኩልህም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እፍረቱ እንዳልደውል ያዘኝ። ይቅር በለኝ።

ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ሰፈሩ እንዳለ መብራት ጠፋ። ትተህልኝ የሄድከውን የወፍ ማያ ባይኖኩላር አንስቼ ድሮ ከምንቀመጥበት ዋርካ ሥር ወረድኩ። ጨረቃ የለም፣ ደመና የለም፣ ጣና ጸጥ ብሏል። ከሐይቁ በላይ ወደ ሰሜን ከፍ አድርጌ ስፈልግ ስፈልግ አንድሮሜዳን፣ ጎረቤታችን የሆነችውን ጋላክሲ (የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ስብስብ)፣ አገኘኋት። ስስ ጭጋግ የመሰለች ሞላላ ነገር ናት እንጂ ኮከብ አትመስልም። ዓይኔ ውስጥ የገባው ብርሃን ግን ከዚያ የተነሳው የዛሬ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠብኝ፤ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው ያየኋት።

እዚያው ቦታ ያኔ የጠየቅከኝ ትዝ አለኝ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል በ1929 እ.ኤ.አ. ያሳየውን፣ ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር በበለጠ ፍጥነት እንደሚሸሹን ስነግርህ፣ «ታዲያ የጠፈሩ መሀል እኛ ነን?» አልከኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ቤት ዳቦ ተቦክቶ ነበር። ሊጡ ላይ ጥቁር አዝሙድ አለ። አንድ ጣት ይራራቁ የነበሩ ሁለት ፍሬዎች ሊጡ ኩፍ ሲል አንድ ጣት ተኩል ሆኑ፤ ሁለት ጣት የነበሩት ደግሞ ሦስት። ፍሬዎቹ የትም አልሄዱም፣ መሀላቸው ያለው ሊጥ ነው የሰፋው። ከየትኛዋም ፍሬ ሆነህ ብታይ ሌሎቹ ሁሉ ካንተ የሚሸሹ ይመስሉሃል፣ የራቀችው ደግሞ ይበልጥ። ጋላክሲዎቹ እንደ ፍሬዎቹ፣ ጠፈሩ እንደ ሊጡ ነው በል፤ መሀል የሚባል የለም። ሊጥ ጠርዝ አለው፣ ቡሃቃ አለው፤ ጠፈር ግን እስካሁን ጠርዝ አልተገኘለትም። እና ያ የዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት የሆነው፣ ጠፈር መስፋት የጀመረበት፣ ታላቁ ፍንዳታ የሚሉት፣ አንድ ቦታ ላይ የፈነዳ ነገር አይደለም። ሁሉም ቦታ ነበር፤ አንተ አሁን የተቀመጥክበትም ጭምር።

የዚያ ጊዜ ሙቀት ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንቴናቸው በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩት ያው አንድ ዓይነት ሹሹታ እያሰማ ሲያስቸግራቸው፣ ውስጡ የሰፈሩት እርግቦች ኩስ ይሆናል ብለው ጠረጉት። ድምፁ አልጠፋም። በ1965 እ.ኤ.አ. ነው የዚያ የመጀመሪያው ሙቀት ቅሪት መሆኑ ይፋ የወጣው። አንተ የወፍ ሰው ስለሆንክ ይቺን ልነግርህ ቋምጬ ነበር።

አንድሮሜዳ ግን አትሸሽም። ቅርባችን ስለሆነች ስበት አሸንፏል፤ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ እየመጣች ነው። ከሐዋሳም ትታያለች፤ ኅዳር ሳይወጣ ከመብራት ራቅ ብለህ ወደ ሰሜን ቀና በል። ባይኖኩላሩን ለገና ይዤልህ እመጣለሁ፣ ቤት መሆንህን ብቻ ጻፍልኝ።