ፍርዱም ከአጽሙ ጎን ይቀመጥ

ለአዘጋጁ፦

መስቀል አደባባይ ስላለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። አጽሙን ማየት ይበቃል የሚለው ሐሳብ ግን አልተዋጠልኝም።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የራስ ቅሎች ተደርድረዋል። ልብሶችም አሉ። ልጄ ዝም ብላ አየችና፣ "አባዬ፣ ማን ገደላቸው? ተፈረደበት?" አለችኝ። መልሱ አለ። ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ከዓለም አቀፉ የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቅ ነበርና። ይህን ስንቱ ወጣት ያውቃል? አጽም ሐዘኑን ያሳያል። ማን ምን እንዳደረገ የሚናገረው የምስክሮች ቃል ነው።

ጊዜውም እየሄደብን ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጇን የተነጠቀች እናት ዛሬ በሕይወት ካለች ዘጠና ዓመት ይጠጋታል።

ስለዚህ የፍርዱ ፍሬ ነገር በቀላል አማርኛ ተጽፎ ከአጽሙ ጎን ይለጠፍ። ሙዚየሙ ደግሞ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ለይቶ፣ በየቅዳሜው የወላጆችንና ከሞት የተረፉ ሰዎችን ቃል በድምፅ ይቅረጽ። መሄድ ላቃታቸው እናቶች መቅረጫው ቤታቸው ድረስ ይሂድላቸው።

አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ