ቆጣሪው 5 ላይ ቆሟል

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ጥር 2018 ዓ.ም.

አንቺ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? የቶሮንቶ ብርድስ እንዴት ይዞሻል?

ይቅር በይኝ። ዝም ካልኩሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ አታምኚኝም፣ ደግሞም አይደለም። ምክንያቱን ዛሬ እነግርሻለሁ። ብቻ ትንሽ ልዙር፤ ቀጥ ብዬ መግባት ከብዶኛል።

እቴቴ ደህና ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ኮንዶሚኒየም ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጉልበታቸው ደረጃውን አልወደደውም እንጂ ፊታቸው ጥሩ ነው። ጀበናቸውን ጥደው ጠበቁኝ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ፣ "ያቺ ልጅ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላኛለች" አሉኝ። ቡናው ትን አለኝ። ለእሳቸው ነግረሽ ለእኔ ዝም! አንቺማ ድሮም ሚስጥር ስትይዢ አንደኛ ነሽ፤ የስድስተኛ ክፍሉን የደብተር ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንግዲህ ለፋሲካ የምትመጪ ከሆነ፣ ይህን ነገር ፊት ለፊት ከመገናኘታችን በፊት ልታውቂው ይገባል።

የመጋቢት 2016ን ያን ሳምንት አስቢው። ፒያሳ አቧራ በአቧራ ሆናለች። ሰፈሩ ሊፈርስ ነውና ዶሮ ማነቂያ የሰው ቡፌና አልጋ ደጅ ወጥቷል። አንቺ በስልክ እያለቀስሽ "ቤታችንን ፎቶ አንሺልኝ" አልሽኝ። "በስልክሽም ይበቃኛል" አልሽ። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። በአጎቴ ዜኒት ካሜራ ነው የማነሳልሽ፣ በፊልም ነው፣ ኔጌቲቩን በእጅሽ ትይዢዋለሽ አልኩሽ። ያን ጊዜ ፊልም ማንሳት ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ፍቅሩ አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር ሌላ ነገር አይታየኝም።

ሄድኩ። አንድ ባለ 36 ፊልም ሙሉውን አነሳሁ። ግቢውን፣ ቧንቧውን፣ ጥላሸት የለበሰውን ማድ ቤት፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ። እነዚያ የምታውቂያቸው ሴትዮ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጡ ቆሙልኝ። በስልኬ ግን አንድም አላነሳሁም። አንድም!

ማታ ቤቴ ገብቼ ራሴ ላጥበው ተነሳሁ። መታጠቢያ ቤቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ። ፊልሙን በጨለማ በእጄ እየዳበስኩ ጠምጥሜ ብርሃን የማያስገባው ማጠቢያ ታንክ ውስጥ ከተትኩ። እስከዚህ ልክ ነበር። ዲቨሎፐሩንና ፊክሰሩን በሁለት ሃይላንድ አዘጋጅቻለሁ። ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ። ምንም አልጻፍኩባቸውም፤ የቀኙ ይሄ፣ የግራው ያ ብዬ በልቤ ይዣለሁ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሻማ ለማብራት ተነስቼ ስመለስ፣ ጠርሙሶቹን ከሳፋው ጠርዝ ወዲህ አዛውሬያቸው ኖሯል። ያነሳሁት ፊክሰሩን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቨሎፐሩ ነው ብርሃን የነካውን ቦታ ወደ ምስል የሚለውጠው። ፊክሰሩ ደግሞ ያልተለወጠውን ጠርጎ ያወጣል። ፊክሰሩ ቀድሞ ከገባ የሚለወጥ ነገር አይተርፍም፣ ሁሉም ተጠርጎ ይወጣል። ፊልሙን ከታንኩ ሳወጣው እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል። ወደ ሻማው አስጠጋሁት። ጠርዙ ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች እንኳ የሉም። ፊልም ምንም ባይነሳበት፣ በደንብ ከታጠበ እነዚያ ቁጥሮች ይወጣሉ፤ የእኔ ላይ ግን 1 የለም፣ 36 የለም። እዚያው ሴራሚኩ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

በሳምንቱ ቤቱ ፈረሰ።

አንቺ ሦስት ጊዜ ጻፍሽልኝ። "ፎቶዎቹስ?" ስትይ "ገና አልታጠቡም" አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ ስምሽን ሳይ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ፤ ዓመት ከሞላ በኋላ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? በቃ፣ ይሄ ነው። የልጅነትሽን ቤት አደራ ሰጥተሽኝ በአንድ ጠርሙስ አጠብኩት። ልትቆጪኝ ትችያለሽ። መብትሽ ነው።

ግን የጻፍኩልሽ ይህን ለመናዘዝ ብቻ አይደለም።

ያን ዕለት 36ቱ ሲያልቅብኝ፣ እቴቴ ገና ከቤት አልወጡም ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሌላ ፊልም ነበረኝ። አጠመድኩት። ዜኒት ቆጣሪውን ራስሽ በእጅሽ ዜሮ ላይ ካላመጣሽው ከነበረበት ይቀጥላል፤ ዜሮ ላይ እንዳመጣሁት በደንብ አስታውሳለሁ። 5 አነሳሁ። ከዚያ የጭነት መኪናው መጣና ዕቃ ማገዝ ጀመርኩ። ፊልሙ እስከ ዛሬ ካሜራው ውስጥ ነው። ቆጣሪው 5 ላይ ቆሟል።

ያነሳኋቸውን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሦስቱ የግቢው ናቸው፣ በፀሐይ። ስለእነሱ አልሰጋም። አራተኛው ቡፌው ከተነሳ በኋላ ያለው ግድግዳ ነው። ትዝ ይልሻል አይደል፣ ጭቃው ላይ የተለጠፈው አዲስ ዘመን? ከቡፌው ጀርባ የነበረው ምንም አልጠቆረም፤ ትናንት የተለጠፈ ይመስላል። አንቺ ጣትሽን እየሰደድሽ ያነበብሽው ጥግ እዚያው አለ። አምስተኛው እቴቴ ናቸው። በሩ ላይ ተቀምጠው የማርያምን ሥዕል በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ሥዕሉን መኪናው ላይ አንጭነውም ብለው እምቢ ብለው ነበር። የግድግዳውን ያነሳሁት ውስጥ ስለሆነ ጨለማ ነበር። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ፍጥነቱን 1/30 ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው ያነሳሁት። እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆን? የእቴቴስ? ጥራቱን ዓይናቸው ላይ ነው ያደረግኩት ወይስ ሥዕሉ ላይ? ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ካሜራ አልነካሁም። አምና ክረምት መጨረሻ ላይ ነው ተመልሼ የጀመርኩት፣ ከሥራ ባልደረባዬ በተዋስኩት ካሜራ። ዜኒትን አልነካኋትም፣ በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ። እስካሁን ዘጠኝ ፊልም አጥቤያለሁ። አንድም አልተበላሸብኝም። ጠርሙሶቹ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ፤ የዲቨሎፐሩ አንገት ላይ ደግሞ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፣ መብራት ቢሄድም በእጄ እንዳውቀው። በዚህ ብርድ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ስለሆነ ጠርሙሶቹን ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አቆማቸዋለሁ። ከዚያ ሰባት ደቂቃ ተኩል። በየደቂቃው ታንኩን አራት ጊዜ እገለብጠዋለሁ። ሰባት ደቂቃ ተኩል ሙሉ ስልክ አላነሳም፣ ለማንም በር አልከፍትም። በሳምንት ውስጥ እንደዚያ ዝም የምልበት ሌላ ሰዓት የለኝም።

እሁድ እሁድ በጠዋት እወጣለሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል እስከ ላጋር። የጥር ፀሐይ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ደመና የለ ምን የለ። የብርሃን ስሜቱ 400 የሆነ ፊልም ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ፣ ፍጥነቱን 1/500 ላይ አድርገሽ መሄድ ነው፣ ያለ ምንም መለኪያ። 36 ብቻ ስላለሽ ዝም ብለሽ አትተኩሺም። አንድ ሊስትሮ ፊት አሥር ደቂቃ ቆሜ፣ አውርቼ፣ ሳላነሳ የሄድኩበት ቀን አለ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ቦያጂያኖችን አስባለሁ፣ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ያነሱትን አባትና ልጆች። በዚያ ዘመን በመስታወት ላይ የሚነሳ ፎቶ ነበር፤ አንዱ ከእጅ ቢወድቅስ? ያነሱት ሰው ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል። ሳስበው የእነሱ ፍርሃት የእኔም ይመስለኛል።

ለጥምቀት ጃንሜዳ ሄጄ ሙሉ ፊልም አነሳሁ። የአንዷን አሮጊት ፎቶ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ከኋላ ሲያዩዋቸው ቁርጥ እቴቴን ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እንዴት እንደምጠይቅሽ አላውቅም... እሺ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ብርሃን ካየ በኋላ ሳይታጠብ ለዓመታት ምስሉን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አምስቱ እዚያ አሉ፣ ጥሩም ሆኑ መጥፎ። ነገ ጠምጥሜ አውጥቼ ላጥባቸው እችላለሁ። ግን የቀሩት 31 ባዶ ናቸው። አንቺ ለፋሲካ ስትመጪ ፊልሙን አንቺ ብትጨርሺውስ? እቴቴን አዲሱ ቤት፣ ዶሮው ሲሠራ፣ ልጆቹ ደረጃው ላይ ሲሯሯጡ። ከዚያ አብረን እናጥበው። የዶሮ ማነቂያው በርና የአራተኛ ፎቁ በር አንድ ፊልም ላይ ተከታትለው ይወጣሉ። ታንኩን አንቺ ትይዢዋለሽ፣ ደቂቃውን እኔ እቆጥራለሁ።

ወይ ደግሞ "አሁኑኑ እጠቢው፣ ልየው" ካልሽኝ አጥበዋለሁ። ያንቺ ነው፣ አንቺ ያልሽው ይሆናል።

የምትመጪ ከሆነ የምለምንሽ ነገር አለ። የእኔ ዲቨሎፐር እንደ ሻይ ቀልቷል፣ አላምነውም። አንድ ዲ-76 የሚባለውን የዲቨሎፐር ዱቄት ብታመጪልኝ። ሁለት ኤችፒ5 ፊልምም ብትጨምሪ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሰው ሲመጣ ነው። ፊልሞቹን ግን አደራ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቻቸው፤ የሻንጣው ማሽን ጨረሩ ኃይለኛ ነው፣ ያቃጥላቸዋል። በእጅሽ ያዢያቸውና አየር ማረፊያ ላይ "በእጅ ፈትሹልኝ" በያቸው። አዲሶቹ የእጅ ሻንጣ ማሽኖችም ፊልም ያበላሻሉ።

ለእቴቴ ስለ ተበላሸው አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ "ያ ያነሳሽኝ ፎቶ የት ደረሰ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። "ለፋሲካ ይደርሳል" አልኳቸው። አፌ ላይ መጣልኝ እንጂ አስቤበት አልነበረም። እሳቸውም "ሥዕሏ ወጥታለች?" አሉኝ።

መልስሽን እስካይ ካሜራዋን አልነካትም።

ያንቺው
የግቢሽ ልጅ